«ሞልተሽ ፈርሚ» ስትባይ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ «በሜዲካል ላቦራቶሪ ተመርቄ አንድ አነስተኛ የግል ላቦራቶሪ ከተቀጠርኩ 6 ወሬ ነው። ሦስት ባለሙያዎች ብቻ ነን። ደሞዝ ይዘገያል፣ ሪኤጀንትም (የምርመራ ኬሚካሉ) በቁጠባ ነው። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደሉም። ሰሞኑን ግን ኮንትሮል (ማሽኑ በትክክል መሥራቱን የምንፈትሽበት፣ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና) ሳንሠራ ሎግ ቡኩን (መዝገቡን) "ሞልተሽ ፈርሚ" ይሉኛል። ታካሚ ለሚልኩልን ሐኪሞችም በየወሩ የገንዘብ ፖስታ ይሄዳል። ልልቀቅ? በ6 ወር ብለቅ ሲቪዬ አይበላሽም?»

እህቴ፣ ከሲቪው ልጀምር፤ እሱ ቀላሉ ነው። አይበላሽም። ጀማሪ ሆኖ አንድ ቦታ ጥቂት ወር መቆየት ማንንም አያስደነግጥም።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንዱ ችግር ነው፣ ሌላው ማጭበርበር። ደሞዝ መዘግየቱ ችግር ነው። እኔም ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ላቦራቶሪ ስለሠራሁ የትንሽ ቤት ሂሳብ እንዴት እንደሚያንቅ አውቃለሁ። በቀን 200 ሰው ለሚመረመርበት ቦታ ሁለት ኮንትሮል መሥራት ምንም አይደለም። በቀን 4 ሰው ብቻ ሲመጣ ግን ከምትሠሪያቸው 6 ምርመራዎች 2ቱ ገንዘብ አያመጡም። የተከፈተ ኪት ደግሞ ታካሚ መጣም ቀረም ቀኑ ያልፍበታል። ማሽኑ ሲበላሽ ተተኪ የለም። ባለቤቱ ወጪ መቀነስ ሲያስቡ መጀመሪያ ዓይናቸው የሚያርፈው ኮንትሮሉ ላይ ነው። ኮንትሮል ታካሚ አይደለ፣ ቀረ ብሎ ማንም አይከሳቸውም።

ስለዚህ ችግር ያለበትን ቤት ከአጭበርባሪ ቤት የምለየው በአንድ ነገር ነው። «ይህን ዛሬ አንሠራም፤ ናሙናውን ወደ ሌላ ላቦራቶሪ እንልካለን» ማለት ይችላል? የሚችል ከሆነ ትርፉ ይቀንሳል እንጂ ጤነኛ ነው። ደሞዝሽ ቢዘገይም እዚያ ብትቆዪ አልቃወምም። ትንሽ ላቦራቶሪ ደም ከመቅዳት እስከ ማሽን ጥገና ሁሉንም ያስነካሻል፤ ትልቁ ቤት ዓመቱን ሙሉ አንድ ማሽን ፊት ያቆምሻል።

ያልሠራሽውን ቁጥር መሙላት ግን ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ ቀስ በቀስ ሲዛነፍ የሚያሳብቅበት ኮንትሮሉ ነው። የአንድ የኩላሊት ታካሚ ፖታሲየም አደገኛ በሆነ መጠን ከፍ ብሎ 6.5 ሆኖ ሳለ ማሽኑ 5.2 ቢል፣ ሐኪሙ በምን ያውቃል? ሰውየው ወደ ቤቱ ይላካል።

ደግሞ ውሸቱ ይታያል። ተማሪ ቤት እንዳየሽው፣ የኮንትሮል ውጤት በየቀኑ በነጥብ የሚቀመጥበት ቻርት ጤነኛ ከሆነ ይወዛወዛል፤ በአማካይ ከ20 ነጥብ አንዷ ከ2 ኤስዲ (ከአማካዩ የመራቅ መለኪያ) መስመር ውጪ ትወድቃለች። ከጭንቅላት የተጻፈ ቁጥር ግን ጨዋ ነው፤ አማካዩን አቅፎ ይሄዳል። ልምድ ያለው ኢንስፔክተር ገጹን ሲገልጥ ነገሩ ይገባዋል። እዚያ ገጽ ላይ የሚያገኘው ፊርማ ደግሞ የአንቺ ነው፣ የባለቤቱ አይደለም።

ፖስታውን አንቺ ባታዘጋጂውም አታድርሺ፣ ዝርዝሩንም አትያዢ። አሜሪካ ውስጥ ሄልዝ ዳያግኖስቲክ ላቦራቶሪ የሚባል ድርጅት «የናሙና አያያዝ ክፍያ» በሚል ስም ለሐኪሞች ጉቦ ከፍሏል ተብሎ ተከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለመንግሥት 47 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፣ በዚያው ዓመትም ኪሳራ አወጀ። ፖስታው ስሙን ስለቀየረ ሥራው አልተቀየረም።

የአንቺን ነገር ሳነብ ትዝ ያለችኝ ኤሪካ ቸንግ ናት። የሠራችበት ቴራኖስ የሚባለው የአሜሪካ የደም ምርመራ ድርጅት ትንሽ ቤት አልነበረም፣ ግን እሷም እንዳንቺ ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች ነበር ላቦራቶሪው የገባችው። ኮንትሮሉ ሲወድቅ፣ ማለትም ከሚጠበቀው ቁጥር ሲወጣ፣ የማይመቹት ቁጥሮች እንደሚሰረዙ አየች። ተናገረች፣ የሚሰማት አጣች፣ ከወራት በኋላ ለቀቀች። እ.ኤ.አ. በ2015 ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ2021 የቴራኖስ መሥራች ኤልዛቤት ሆምስ ፍርድ ቤት ስትቀርብ ምስክር ሆነች። ያቺ ጥቂት ወር ሲቪዋን አላበላሸችባትም።

በዚህ ሳምንት ባለቤቱን ለብቻቸው አናግሪያቸው። በሠራተኛ ፊት አይሁን፤ ሰው በአደባባይ ሲነገረው ይደነድናል። «ችግሩ ይገባኛል። ኮንትሮል ካልሠራን ናሙናውን እንላከው። ያልሠራሁትን ግን መፈረም አልችልም» በያቸው። ሎግ ቡኩ ላይም ቀኑን ጽፈሽ «ኮንትሮል አልተሠራም» በዪና እሱን ፈርሚ። እስካሁን የሞላሽው ካለ አትደልዢው፣ ገጹንም አትቅደጂ፤ ሁለተኛ ጥፋት ይሆናል። የሆነውን ከነቀኑ ለራስሽ ማስታወሻ ያዢ፤ የታካሚ ስም ግን አይግባበት።

«እሺ» ካሉና ናሙና መላክ ከጀመሩ ቆዪ። ፖስታው ካልቆመ ግን ሥራ እየፈለግሽ ቆዪ። «ወይ ፈርሚ ወይ ውጪ» ካሉሽ ውጪ። ሥራ ሳይገኝ አይለቀቅም የሚለውን ምክር እኔም ለሰው እሰጣለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አይሠራም። የሙያ ፈቃድሽ ከተነጠቀ ቀጣዩ ሥራም የለም። ከወጣሽ በኋላ ጉዳዩን ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ ማሳወቅ አለብሽ፤ ታካሚው እዚያው እየሄደ ነውና።

ቀጣዩ ቃለ መጠይቅ ላይ ለምን ቶሎ እንደለቀቅሽ ይጠይቁሻል። «በጥራት አሠራር አልተግባባንም» በቂ ነው፤ የቀድሞ አለቃሽን ስም አታንሺ። «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ ደግሞ አንቺ ጠይቂያቸው፦ «ኮንትሮል ሲወድቅ ምን ታደርጋላችሁ?» «እኛ ጋ ወድቆ አያውቅም» ካሉሽ አመስግነሽ ተነሺ።