ሐዋሳ ላይ በነፃ ላስጠና ላልከው

ወንድሜ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆች ለማስጠናትና መክሰስ ይዞ ለመግባት ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቀሃል። መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩን አናግር። መታወቂያና ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያዝ። ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ባይጠይቁህም አውጣው፤ ወላጅ ልጁን ለማን እንደሚሰጥ ማወቅ አለበት። ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግተህ አትቀመጥ። ዱላማ ጭራሽ አይታሰብም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል።

ጣጣው ምግቡ ላይ ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም አንድ ክፍል ነው የሚቀመጡት። ዳቦና ሙዝ ብትይዝ ረቡዕና ዓርብም አያስቸግርህም። ኦቾሎኒ ግን ወላጅ ሳትጠይቅ እንዳትሰጥ፤ አንዳንዱን ልጅ ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ ይጎዳዋል። በረመዳን ለሚጾሙት ድርሻቸውን ቋጥረህ ስጣቸው፣ ለማፍጠሪያ ይሆናቸዋል።