ከተለያየን በኋላ የልጆቻችንን ወጪ እንዴት እንካፈል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ዘጌ የምኖር ኦርቶዶክሳዊ ነኝ። ከባለቤቴ ከተለያየን ዓመት አልፎናል። ሁለቱ ልጆቻችን ባሕር ዳር ከእናታቸው ጋር ናቸው። እርሷ የወር ደመወዝ አላት፤ እኔ የምተዳደረው በቡናና በጌሾ ነው። ሽማግሌዎች «እኩል ክፈሉ» ብለውን ነበር። አቃተኝና አምስት ወር ሳልልክ ቀረሁ። አሥራትም የማኅበር ድግስም አለብኝ። ቡና በዓይነት ብልክ ይቆጠርልኛል? እንዲህ ሆኜስ መቁረብ እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የጋብቻችሁን ነገር ከንስሐ አባትዎ ጋር ይምከሩበት፤ እዚህ የምመልሰው የልጆቹን ነው። ባልና ሚስት ቢለያዩም አባትነት አይፈርስም። ቅዱስ ጳውሎስ (1ኛ ጢሞ. 5፥8) ለቤተ ሰዎቹ የማያስብን ሰው ከማያምነው የከፋ ነው ይላል፤ ልጆቹ የሚያድሩት በእናታቸው ቤት መሆኑ ከዚህ ቃል አያወጣዎትም።

«እኩል» የሚለውን ግን ሽማግሌዎቹ ደግመው ቢያዩት ይሻላል። ያው ሐዋርያ ስለ ርዳታ ሲጽፍ (2ኛ ቆሮ. 8፥12-13) ሰው የሚጠየቀው ባለው መጠን ነው፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ሊጨነቅ አይገባም ይላል። በፍርድ ቤትም ቀለብ ሲወሰን የሚታየው የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ነው። ገቢያችሁ ሳይታይ ግማሽ ለግማሽ ቢባል፣ ያነሰ የሚያገኘው ጥቂት ወር ከፍሎ ያቆማል፤ በእርስዎም የደረሰው ይኸው ነው።

ስሌቱን በወር ሳይሆን በዓመት ይጀምሩት፤ የቡና ገቢ ወር ጠብቆ አይመጣምና። የሠራተኛና የማጓጓዣ ወጪ ተቀንሶ በዓመት 120,000 ብር ይተርፍዎታል እንበል፤ በወር 10,000 ነው። የእናታቸው የተጣራ ደመወዝ 15,000 ቢሆን ከጠቅላላው የእርስዎ ድርሻ ከመቶ 40፣ የእርሷ 60 ይሆናል። ቀጥሎ የልጆቹን የዓመት ወጪ አብራችሁ ጻፉ። ለምሳሌ ትምህርት ቤት 16,000፣ ባጃጅ 8,000፣ ምግብ 36,000፣ ከቤት ኪራይ የልጆቹ ድርሻ 12,000፣ ልብስና ደብተር 7,200፣ ሕክምና 4,800፤ ድምሩ 84,000 ነው። የእርስዎ 40 እጅ 33,600፣ በወር 2,800 ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። እናትየዋ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ልጅ ሲያተኩሰው ታድራለች፤ ይህ ድካም በብር ስላልተጻፈ እንደሌለ መቆጠር የለበትም። ስለዚህ ልብስና ደብተሩን ለብቻዎ ይቻሉ፤ ከቀረው 76,800 ላይ 40 እጁን ይክፈሉ። ጠቅላላው 37,920፣ በወር 3,160 ብር ይሆናል። ክረምቱን ልጆቹ ዘጌ እርስዎ ዘንድ ቢከርሙ የዚያ ጊዜ የምግብ ድርሻዎ ብቻ ይቀነስ፤ ኪራዩ እንዳለ ነው፣ የምዝገባና የዩኒፎርም ወጪም የሚመጣው ያኔውኑ ነው።

ቡናው ሲሸጥ የስድስት ወሩን፣ 18,960 ብር፣ ወዲያው ለይተው ለዚሁ ብቻ በከፈቱት የቁጠባ ሒሳብ ያስቀምጡ፤ ከዚያ በየወሩ በተወሰነ ቀን በባንክ ወይም በቴሌብር ይላኩ። ገንዘቡ በኪስ ከዋለ የልጆቹ የሰኔ ቀለብ በጥር ድግስ ይበላል። በልጅ እጅ ፈጽሞ አይላኩ፤ ሕፃኑ የብር መልእክተኛ ሲሆን የወላጆቹን ጠብ ይሸከማል፣ ማስረጃም አይኖራችሁም። ከዝናቡ በኋላ በሐይቁ ዳር ወባ ስለሚበረታ ሕክምናው ከተመደበው ያልፍ ይሆናል፤ ትርፉን በደረሰኝ፣ በሳምንት ውስጥ፣ በዚያው 40 እና 60 ተካፈሉት። ለፋሲካ የገዙላቸው ጫማ ስጦታ ነው፣ ከቀለብ አይቀነስም።

ቡና በዓይነት መላክ የሚቆጠረው እርሷ ፈልጋ ከተቀበለች፣ ዋጋውም በዕለቱ የባሕር ዳር ገበያ ከሆነ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት በቡና አይከፈልም፤ ሸጠው ብሩን ቢልኩ ጭቅጭቅ አይኖርም።

አሥራትዎን ያውጡ። ከቀረው ዘጠኝ እጅ ግን የልጆቹ ድርሻ ከድግስ ይቀድማል። ጌታችን (ማር. 7፥11-13) ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ እያሉ ወላጆቻቸውን የሚያስርቡትን ገሥጿል፤ በማኅበር ስም ልጅን ማስራብም ከዚያ አይለይም። የማኅበሩን ጠበል ጸዲቅ በዳቦና በንፍሮ ማድረግ ይቻላል፤ ማኅበርተኞችዎ ይረዱዎታል።

የአምስት ወሩ ውዝፍ በዚሁ ስሌት 15,800 ብር ነው። በአንድ ጊዜ ልክፈል ብለው የያዝነውን ወር አያጓድሉ፤ በየወሩ ከ3,160ው ላይ 1,580 ቢጨምሩ በዐሥር ወር ያልቃል። ስምምነቱን በሁለት ሽማግሌዎች ፊት ጽፋችሁ ተፈራረሙ፤ ለፍርድ ቤት አቅርባችሁ ብታጸድቁት ደግሞ የበለጠ ይጸናል። ኑሮ ስለሚወደድ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ እንደገና ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ብሩ ቢዘገይ እርሷ ልጆቹን ልትከለክልዎ አይገባም፤ ቢከለከሉም እርስዎ ብሩን አያቋርጡ።

ስለ ቁርባኑ የሚወስኑት የንስሐ አባትዎ ናቸው። የልጅን እንጀራ ማስቀረት ንስሐ የሚገባበት ኃጢአት ነውና አይሸሽጓቸው። ዘኬዎስ (ሉቃ. 19፥8) ንስሐውን የገለጠው የወሰደውን በመመለስ ነው፤ እርስዎም የመጀመሪያውን ወር ልከው፣ የውዝፉን አከፋፈል የያዘውን ወረቀት ይዘው ይቅረቧቸው።