ሂሊየም ከሃይድሮጅን እጥፍ ይከብዳል፤ ታዲያ የሚያነሳው ግማሹን ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሂሊየም ከሃይድሮጅን እጥፍ እንደሚከብድ ተምረናል። ታዲያ በሂሊየም የተሞላ የአየር መርከብ የሚሸከመው ግማሹን ብቻ ነው ማለት ነው? ሂንደንበርግ የተባለውን የጀርመን አየር መርከብ ሃይድሮጅን የሞሉት ለዚህ ይሆን? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ግማሹን አይደለም ልጄ። ልዩነቱ ከምታስበው በጣም ያንሳል።

መርከቡን ወደ ላይ የሚገፋው ቦታውን በጋዙ የተነጠቀው አየር ነው። እስቲ እናስላው። በባሕር ወለል፣ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 1 ሜትር ኩብ አየር 1,290 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያው መጠን ሃይድሮጅን 90፣ ሂሊየም ደግሞ 180 ግራም ገደማ ነው። በል ቀንስ። በሃይድሮጅን 1,200 ግራም ታነሳለህ፣ በሂሊየም 1,110። ሂሊየም እጥፍ መክበዱ ያሳጣህ 90 ግራም ብቻ ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ብዙ ተማሪ ቀድሞ «ግማሽ!» ይላል፤ ጥያቄህን የወደድኩትም ለዚህ ነው።

ጀርመኖቹ ሂንደንበርግን ሲነድፉ ያሰቡት ሂሊየም ነበር። ግን ያን ጊዜ ሂሊየም በብዛት የነበረው አሜሪካ ነው፤ አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1927 ባወጣችው ሕግ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አግዳ ነበር። ስለዚህ 200,000 ሜትር ኩብ ገደማ ሃይድሮጅን ሞሉበት። አደጋው ጠፍቷቸው አይደለም። ተሳፋሪው ሲገባ ክብሪቱንና ላይተሩን ያስረክባል። ማጨሻ ክፍሉ ድርብ በር ነበረው። ያፈተለከ ሃይድሮጅን እንዳይገባ የውስጡ አየር ግፊት ከውጭው ከፍ ይደረጋል። ሲጋራ የሚለኮሰው እዚያው ባለች አንዲት የኤሌክትሪክ መለኮሻ ነው። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ምን እንደተሸከመ አሳምሮ ያውቃል። እኔን የሚከነክነኝ ይኸው ነው፤ እያወቁ ሰው ጫኑበት።

ሜይ 6 ቀን 1937 ኒው ጀርሲ፣ ሌክኸርስት ላይ ሊያርፍ ሲል ተቀጣጠለ። 245 ሜትር የሚረዝመው መርከብ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ነዶ አለቀ። ከተሳፈሩት 97 ሰዎች 35ቱ፣ መሬት ላይ ከነበሩት ሠራተኞችም አንዱ ሞቱ። 62ቱ ተርፈዋል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ከአደጋው በኋላ አሜሪካ ሕጉን አላላች። ነገር ግን በ1938 ሂትለር ኦስትሪያን ጠቀለለ። በዚህ የተነሳ የአሜሪካው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሃሮልድ ኢክስ ሂሊየም ለጀርመን እንዳይሸጥ ከለከሉ። ተከታዩ መርከብ፣ ግራፍ ዘፔሊን 2ኛ፣ ያው በሃይድሮጅን በረረ፤ መንገደኛ ግን አልጫነም። በ1940 አፈረሱት። ዛሬ ጀርመን፣ ፍሪድሪሽስሃፈን ላይ ቱሪስት የሚያንሸራሽሩት ዘፔሊን የሚባሉ የአየር መርከቦች የሚሞሉት በሂሊየም ነው።