ስቱዲዮ ውስጥ አራት ሆነናል

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔና ባለቤቴ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ከተከራየን 4 ዓመታችን ነው። ትልቁ ልጃችን 3 ዓመት ሞልቶታል፤ ትንሿ የ5 ወር ናት። አልጋውም ምድጃውም አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እሷ ስታለቅስ እሱ ይነቃል። ባለቤቴ ስልክ ለማውራት ደረጃ ላይ ይወጣል። አከራያችን ደግሞ «ሰው በዛ፤ ወይ ጨምሩ ወይ ልቀቁ» ብለዋል። ኮዬ ፈጬ በዚሁ ዋጋ ባለ ሁለት መኝታ አግኝተናል። ግን የባለቤቴ ሥራ መገናኛ ነው፤ ልጆቹን የምትይዝልኝ እናቴም እዚሁ ጎረቤት ናት። እንሂድ?

መልስ፦ ዘግይቼም ቢሆን እንኳን ማርያም ማረችሽ!

እኔም ጀሞ ስቱዲዮ ውስጥ ሁለት ልጅ አሳድጌአለሁ። ትልቋ የቤት ሥራዋን የምትሠራው መታጠቢያ ቤት ደፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሌላ መብራት ከበራ ታናሿ ይነቃላ! መጨረሻ ላይ «ሰፊ ቤት» ብለን ቱሉ ዲምቱ ገባን። ባሌ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጥቶ ማታ 3 ሰዓት ይገባል። ልጄ አንድ ቀን «አባባ የእሁድ ነው» አለችኝ።

ሰፊ ቤት የጠፋው በአንቺ ዕድል ብቻ አይደለም። በ2005ቱ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ 10/90 (10 በመቶውን ቆጥበሽ ቀሪውን በባንክ ብድር የምትከፍዪው) ስቱዲዮ ብቻ ነበር። 20 በመቶ በሚቆጠብበት በ20/80ም ብዙ ላጤ አቅሙ የፈቀደውን ትንሿን ቤት መረጠ። ዕጣው ሲወጣ ያ ላጤ የልጆች አባት ሆኗል። አንዳንዱ አከራይቶ ራሱ ሌላ ቦታ ይከራያል።

የአከራይሽን ነገር አትፍሪ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከ2 ዓመትም አያንስም። ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው፤ ያውም መንግሥት በሚወስነው ልክ። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም። ውላችሁ ካልተመዘገበ ወረዳ ሂዱ። አከራይሽን ግን በቡና አነጋግሪያቸው፤ ከሕጉ በፊት ቡናው ይሻላል።

እኔ ብሆን እዚያው ሰሚት ባለ አንድ መኝታ እፈልግ ነበር፤ ትንሽ ቢጨምርም። እናትሽን የሚተካ ሞግዚት በስንት ይገኛል? እስከዚያ ትልቁ ልጅ በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት አያቱ ጋ ይደር። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

ልባችሁ ኮዬ ላይ ካረፈ ግን፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ባለቤትሽ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ከዚያ ተነሥቶ መገናኛ ይሂድ። ሰልፉን ራሱ ይቁመው። እኛ ቤቱን ልናይ የሄድነው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ መንገዱ ጭር ብሎ።