ጮቄ ላይ ድንኳን ጥላችሁ ለማደር ካሰባችሁ፣ ከመኪናው በፊት የሚቀበላችሁ ሰው ፈልጉ

ጥያቄያችሁን አየሁት። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችሁ ጋር በአራት መኪና ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ፣ በጥር መጨረሻ ቅዳሜና እሁድን ጎጃም ውስጥ ጮቄ ተራራ ላይ በድንኳን ማሳለፍ ትፈልጋላችሁ። «የትኛው መኪና ያወጣል? ምን እንያዝ? ልጆች ይዘን ብንሄድስ?» ብላችኋል። ስለ ጎማና ስለ ድንኳን የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል። ፈቃድ ስለሚሰጠው ወረዳ ግን የሚነግራችሁ አታገኙም። እኔ ደግሞ ስለ ወረዳ ብዙ የምለው አለኝ።

ከሁሉ በፊት ሰላሙን አረጋግጡ። የኛ ጉዞ ከ2015 ዓ.ም ክረምት በፊት ነበር። ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሳ ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። እዚያው የሚኖር ሰው ጋ ደውላችሁ ጠይቁ። «ትንሽ ቆዩ» ካላችሁ ቆዩ። ጮቄ የትም አይሄድም።

አንደኛ፦ ደብዳቤ አለን ብላችሁ ልባችሁን ሞልታችሁ እንዳትነሱ። እኛ ከመሥሪያ ቤታችን ያማረ ደብዳቤ ይዘን ነበር። አርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ የሁላችንም ስም ከነታርጋ ቁጥሩ ተያይዟል። አናቱ ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ዓርብ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነሳን። ሾፌሮቹ ደጀን ላይ ቁርሱን ሲያራዝሙት እኔ ሰዓቴን እያየሁ እጮሃለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። ወረዳው ደጅ ስንደርስ 5፡40 ሆኗል። ዓርብ ደግሞ የመንግሥት ቢሮ የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። ዘበኛው «ወጥተዋል» አለን።

ጮቄን በርካታ ወረዳዎች ይጋሩታል። የኛው የትኛው እንደነበር አልናገርም።

7፡30 ላይ ተመለስን። ጉዳያችንን የሚያየው የወረዳው ባለሙያ 8፡20 ገባ። ቆመን ሰላምታ ሰጠነው። ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ «ምን ነበር?» አለ። ደብዳቤውን ሰጠሁት።

«ለማን ነው የተጻፈው?»

«ለሚመለከተው ሁሉ ይላል።»

«እኛን አይመለከትም።»

ወረቀቱን በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ መለሰልኝ። እናቴ የጎጃም ሰው ናት። እዚያ ቤት ሲገቡ ውኃ ሳይቀርብ ወሬ አይጀመርም። ያ ሰውዬ ያገሩን ስም የሚያስጠፋ ነው። ጓደኞቼ «ይኼ ነው የምትመካበት ጎጃም?» እያሉ ሲያሾፉብኝ ዋሉ።

«ከዞን አጽፋችሁ ኑ» ተባልን። ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስን። እዚያ ያገኘናት ልጅ ደግሞ ተቃራኒው ናት። አስቀመጠችን፣ ጻፈችልን፣ ራሷ ይዛ ገብታ አስፈረመችልን። ተጣድፈን ስንመለስ 10፡30 ሆኗል። ባለሙያው አነበበውና «ይኼ ልክ ነው» አለ። ደስ አለን። ቀጥሎ «ግን ማኅተሙን የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል» አለ።

«ተወካይስ የለውም?»

«ተወካዩም አብሮ ሄዷል። ዘመዳሞች ናቸው።»

ይኼኔ አንዱ ጓደኛችን ነገሩን ያቀለለ መስሎት «እኛ እኮ አካባቢውን በድሮን ቀርጸን እናስተዋውቅላችኋለን» አለ። ድሮን መያዙን ማናችንም አናውቅም! ባለሙያው በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየን። ድሮን ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ የሚጠየቅበት ዕቃ ነው። ፈቃድ የለውም። ፖሊስ ተጠራ፣ ሻንጣው ሁሉ ወረደ፣ የካልሲያችን ውስጥ ሳይቀር ታየ። ፖሊሶቹ ሥራቸውን ነው የሠሩት፤ አልወቅሳቸውም። ድሮኑን መዝግበው አስቀመጡት፤ ስንመለስ ሰጡን። ቀኑ ግን አለቀ።

ያን ሌሊት ደብረ ማርቆስ ሆቴል አደርን። ድንኳን ጭነን ለሆቴል ከፈልን። ዕቃ ሊጭኑልን ፈረስ ይዘው ተራራው ግርጌ የጠበቁን ሰዎች ሲመሽባቸው ቤታቸው ገቡ። የሰጠናቸው ቀብድም በዚያው ቀረ፤ እንዳይቀርስ? ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ ቆመዋል። ባለ ድሮኑ የሆቴሉን ሒሳብ መክፈል ነበረበት፤ እስከ ዛሬ አልከፈለም። ይህን ካነበበ ያውቀኛል።

ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው። ሌሎቹ ፍርፍር ሲያዙ እኔ ብቻዬን ማኅተም ያዡን ፍለጋ ወጣሁ። ሰው እየጠየቅኩ ቤቱን አገኘሁት። መጀመሪያ «ነፍስ ይማር» አልኩት። ተቀምጬ ቡና ጠጣሁ። ስለ ሟቹ ጠየቅኩ፣ ስለ ከብቱ ጠየቅኩ፣ ስለ ዘንድሮ ገብስ ጠየቅኩ። ከዚያ ነው ወረቀቱን ያወጣሁት። ሰውየው «ለዚህ ብላችሁ ነው ያደራችሁት?» ብሎ አዘነ። ጃኬቱን ደርቦ ቢሮ ሄደና አተመልኝ። ደጅ መጥናት እንደኔ የሚያውቅበት ሰው በመካከላችሁ ካለ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ከሌለ ደግሞ አንድ ሰው ረቡዕ ላይ ቀድሞ ይሂድና ዞንን፣ ወረዳን፣ ቀበሌን በዚያ ቅደም ተከተል ይጨርስ። ደብዳቤው ላይ የሚጻፍለት መሥሪያ ቤት ስም በግልጽ ይጠራ።

የጉዱ ጉድ ገና ነው። ያን ሁሉ የደከምንበትን ወረቀት ይዘን ላይ ስንደርስ፣ ጠመንጃ ያነገቡ አንድ ሽማግሌ ሚሊሻ አስቆሙን። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ሳይገልጡ አጥፈው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱትና «እሱስ ይሁን። የማን እንግዳ ናችሁ?» አሉ። እኔ ቀደም ብዬ በእናቴ ዘመዶች በኩል አንድ ገበሬ አነጋግሬ ነበር። ስሙን ጠራሁ። ፊታቸው ፈታ አለ። «ታዲያ ይኼን ቀድማችሁ አትሉም!»

ስለዚህ የሚቀበላችሁ ሰው ሳይኖር አትውጡ። እዚያ ባዶ መሬት የለም። ለእኛ ሜዳ የሚመስለን የሰው ግጦሽ ነው፣ ውኃው የሚቀዳ ነው፣ ጓሳ የሚባለው ሣር ቤት የሚከደንበት ነው። የምታድሩበትን ቦታ እሱ ያሳያችኋል፣ ሌሊት ጥበቃ ያቆምላችኋል፣ ውሻ ያስራል። ተገቢውን ክፈሉ፤ ዋጋውን ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ዘመድ ባይኖራችሁም አይቸግርም፤ እንግዳ መቀበል የለመዱ ሰዎች አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የጮቄን ኢኮ መንደር ከወንጪ ጋር ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል መርጦታል።

ሁለተኛ፦ መኪና። ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ በኩል መውጣት ትችላላችሁ፤ በሞጣ አቅጣጫ በድጓ ፅዮን በኩልም ይወጣል። በሁለቱም በኩል ከፍ ብላ የቆመችና ፎር ዊል ያላት መኪና ያስፈልጋል። ጉልበቷ ላይ ግን አትኩራሩ። ጫፉ 4,100 ሜትር ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው የድሮ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ዓባይ በረሃ ድልድዩ ጋ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ያበረረችው መኪና ላይ ስትደርስ ታቃስታለች። ሾፌሩ ደንግጦ ነዳጅ አይርገጣት፤ ማርሽ ዝቅ አድርጎ በቀስታ ይውጣ። ዓባይን ስትወርዱም በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ውረዱ። ከመኪኖቻችን አንዷ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ፍሬኗ ሸቶ ግማሽ ሰዓት አቁመናታል።

ነዳጅ ማርቆስ ላይ አፍ እስከ አፉ ሙሉ። በጀሪካን እንይዛለን ብላችሁ አታስቡ፤ ማደያዎች ያለ ፈቃድ ደብዳቤ በዕቃ አይቀዱም። አሁን ደግሞ ክፍያው በስልክ ስለሆነ ኔትወርክ ሳይጠፋ ጨርሱ።

«ኦፍሮድ» ያላችሁት ነገር ትንሽ አስፈርቶኛል። መንገዱ ራሱ ከበቂ በላይ ነው። ከመንገድ አትውጡ። ባለ አዲሱ ላንድክሩዘር ጓደኛችን ለቪዲዮ ብሎ አረንጓዴ ሜዳ ላይ ገባ። ጥር ነው፣ ላዩ ደረቅ ነው። ሥሩ ግን ምንጭ ነው። ጨሞጋም ሙጋም የሚነሱት ከዚያ ተራራ ነው፤ ውኃው ሣሩ ሥር ነው ያለው። መኪናው እስከ አክስሉ ሰመጠ። በሌላ መኪና ልንጎትት ስንል ሁለተኛውም ሊሰምጥ ሆነ። ገበሬዎች ውቂያቸውን ትተው መጡ። መጫኛ አምጥተው፣ ድንጋይ ከጎማው ሥር ረብርበው፣ በትከሻ ገፍተው አወጡልን። ገንዘብ ስንሰጥ አንቀበልም አሉ። አንድ አዛውንት ግን የተቆፈረውን ሜዳ እያዩ «መሬቱን መልሱልን» አሉ። አካፋ አንስተን እስኪመሽ ስንደለድል ቆየን። ባለ ላንድክሩዘሩ ከሁላችን በላይ ቆፈረ፤ እዚህ ላይ ፍርድ ነበር። አካፋ፣ ጠንካራ መጎተቻ ገመድና የጎማ መንፊያ ሳትይዙ አትነሱ።

ሦስተኛ ብዬ ስለ ብርድ ልጽፍ ነበር፤ እሱም ወሬ አለው። ሁላችንም ውድ የመኝታ ቦርሳ ገዝተን ነበር። ያስተናገደን ገበሬ ድንኳኑን ገልጦ አየና ሳቀብን። ሄደና ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ጭድ አምጥቶ ከሥራችን ጎዘጎዘው። ብርዱ ከላይ አይደለም የሚመጣው፣ ከመሬቱ ነው። በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ድንኳኑ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ወሩ ውቂያ ስለሆነ ጭድ በሽ ነው፤ ግዙ። ጭድ አንጥፋችሁ፣ በላዩ ፍራሽ፣ ከዚያ ከቦርሳው ላይ ጋቢ ደርቡ። ካገኛችሁ ባና፣ ያን ወፍራም የሱፍ ልብስ፣ ተዋሱ። ድንኳኑን ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች መሀል ገላጣው ላይ ለፎቶ ብላችሁ አትትከሉ፤ ነፋሱ አያስተኛችሁም። የአስታ ቁጥቋጦ ወይም ኮረብታ ከለላ ፈልጉ። አስታውን ደግሞ ለማገዶ አትቁረጡ፤ ከሰል ከማርቆስ ጭናችሁ ውጡ።

ምግብ በአጭሩ፦ እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ምስር እቀቅላለሁ ያለች ጓደኛችን እስከ ሌሊት አማሰለች፤ በመጨረሻ በሶ በጥብጠን ተኛን። የበሰለ ይዛችሁ ሂዱ። ቋንጣ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ ነፍስ አድን ናቸው። ሽሮ ዱቄት ስለሆነ ይሆናል። ዓርብ የምትደርሱ ከሆነ ጾም ነው፤ የጦም ነገር ያዙ፤ ለአስተናጋጃችሁም ታቀርባላችሁ።

የልጆቹን ነገር በቀጥታ ልንገራችሁ። ቀን ላይ ይውጡ፣ ጅብራውን ይዩ፣ ይሩጡ። ለማደር ግን ትንንሾቹን ጫፉ ላይ አታድርጓቸው፤ ደብረ ማርቆስ ወይም ግርጌው ላይ ይደሩ። ማርቆስ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ ከዚያ በአንድ ቀን ወደ 4,000 ወጥቶ መተኛት ለአዋቂም ከባድ ነው። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ «ነገ ይተወኛል» አይባልም፤ በዚያው ሌሊት መውረድ ነው። ለዚህ ብላችሁ አንዷን መኪና አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙራችሁ አቁሟት። ቁልፏ የት እንዳለ ሁሉም ይወቅ፤ ሾፌሯም አረቄ አይቅመስ። እኛ ጋ ይቺ መኪና አንድ ልጅ ይዛ ሌሊት ወርዳለች። ታች ሲደርስ ተሽሎት ዳቦ ጠየቀ።

ቀኑን ስትቆርጡ ጻፉልኝ። ያስተናገደንን ሰው አስፈቅጄ ስልኩን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ከመካከላችሁ ድሮን ያለው ሰው ካለ ግን አሁኑኑ አጣሩ፤ የኛው ሰውዬ ጫማ ሳጥን ውስጥ ነበር የደበቀው።