መልስ፦ እናቴን ይዤ ከባሕር ዳር የት ብንውል ይሻላል?

ወንድሜ፣ የእናትህ ጉልበት ያማቸዋል ካልክ ጢስ ዓባይን ተወው። ከድንጋይ ድልድዩ በላይ ያለው ዳገት ይፈትናል፤ ክረምቱ ካለፈ ደግሞ ውኃው ይሳሳል። እኔ ብሆን ጣና ሐይቅ ዳር ያለው ዘጌ ነው የምወስዳቸው።

ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስትሄዱ መንገዱ በቡና ጫካ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ እምብዛም አያገኛችሁም። በለቀማ ወቅት ከሆነ በየደጁ ቀይ ቡና ተሰጥቶ ታያላችሁ። የዘጌው ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ቆርጠው ቢተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ ይባላል፤ ለዚህም ነው አገሬው በሬ ጠምዶ የማያርሰው። እናትህ ይህን ከካህናቱ አፍ ቢሰሙት ደስ ይላቸዋል።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲ ያዙላቸው። የጀልባውን ሒሳብ ደግሞ ሳትሳፈሩ ደርሶ መልስ ብለህ ተነጋገር፤ እኔ አንዴ መመለሻውን ለብቻ ከፍያለሁ!