ደብተሯ ባዶ ሆነ ማለት አልተማረችም ማለት አይደለም

እህቴ፣ ከኮምቦልቻ የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት። «ልጄ 3ኛ ክፍል ናት። ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ካስገባናት 2 ወር ሆናት። በሳምንት ደብተሯ ላይ ሁለት ገጽ አይሞላም፤ ምን ተማርሽ ስላት ‹ስለ ውሃ› ብቻ ነው የምትለኝ። ብራችንን ውሃ እየበላው ይሆን?» ነው ያልሽው።

አብሽሪ። እኔ አዲስ አበባ አንድ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት 6 ዓመት 3ኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። አሁን እዚህ ደሴ የግል ትምህርት ቤት ነኝ፤ አቅም በፈቀደ መጠን በዚያው መንገድ ነው የማስተምረው።

የቀድሞው ትምህርት ቤቴ የሚከተለው አይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) የሚባለውን ዓለም አቀፍ ድርጅት ፕሮግራም ነበር። ድርጅቱ በ1968 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ተመሠረተ፤ ፒ ዋይ ፒ የሚሉት ከ3 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆነው ክፍል ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሳይንሱ፣ ሒሳቡና ቋንቋው በየፊናው ከሚሄድ አንድ ትልቅ ጉዳይ ይያዝና ለሳምንታት ሁሉም በዚያ ዙሪያ ይሠራል። የልጅሽ ክፍል ውሃን ይዟል ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት እኔም ውሃን ይዤ ነበር። ሰኞ ጠዋት የቦርከና ወንዝን ውሃ በሀይላንድ ቀድቼ ገባሁ። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መሃላቸው አስቀመጥኩትና ዝም አልኩ። «ቆሻሻ ነው» አለ አንዱ። «ከጦሳ ተራራ ነው የመጣው» አለች ሌላዋ። ከዚያ ብዙም የማይናገር አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ቦርከና መጨረሻው የት ነው?» አለ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን አልነገርኳቸውም። ጥያቄውን በትልቅ ወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው።

ማክሰኞ ውስጡ በሚታይ ላስቲክ ትንሽ ውሃ አድርገን፣ አፉን አስረን ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ለጠፍን። ከሰዓት ላስቲኩ በውስጥ በኩል አላበው፣ ከዚያ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ትነት የሚለውን ቃል የሰጠኋቸው ያኔ ነው፣ በዓይናቸው ካዩት በኋላ።

ረቡዕ ሒሳብ። ሁሉም ቤታቸው በቀን ስንት ጀሪካን ውሃ እንደሚጨርስ ቆጥረው መጡ። የአንዱ ቤት 7 ባለ 20 ሊትር፣ ቤተሰቡ 5 ሰው፤ 140 ሊትር፣ ለአንድ ሰው 28። የአንዷ ደግሞ 3 ጀሪካን፣ 6 ሰው፤ ለአንድ ሰው 10 ሊትር። ልጅቷ ቁጥሯን ደጋግማ አየችና «ተሳስቼ ነው?» አለችኝ። አልተሳሳተችም። ከዚያ ራሷ «እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እነዚያ ልጆች ማካፈል ለምን እንደሚያስፈልግ የገባቸው በዚያች ሰዓት ነው፤ ደብተራቸው ላይ የቀረው ግን አራት መስመር ነው።

ሐሙስ ካርታ ዘረጋን። ቦርከናን በጣታቸው ተከተሉት፤ ኮምቦልቻን አልፎ፣ የጨፋን ረግረግ አቋርጦ፣ መጨረሻ ከአዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ያ ዝምተኛው ልጅ ጣቱን ሐይቁ ላይ እንዳደረገ «እንግዲያው ፀሐይዋ ናት የምትጠጣው» አለ። የማክሰኞውን ላስቲክ አስታውሶ ነው። ይህን ከኔ አልሰማውም።

አርብ ያገኙትን ለ2ኛ ክፍል ልጆች በአማርኛም በእንግሊዝኛም አስረዱ።

ጉድለቱንም ልንገርሽ። አዲስ አበባ እያለሁ አንድ አባት መጥተው «ልጄ ስለ ውሃ የማያውቀው የለም፣ 7 ጊዜ 8 ግን አያውቅም» አሉኝ። እኔ ስለ አሠራሩ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ እሳቸው ግን ልክ ነበሩ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ማባዛት በቃል መያዝ አለበት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ 10 ደቂቃ ለማባዣ ሰንጠረዥ እሰጣለሁ። አማርኛው ደግሞ የባሰ ነው። «ጸ»ን ከ«ጰ» ሳይለዩ 4ኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች አይቻለሁ፤ ከልቤ ያሳዝነኛል። ይህን ለትምህርት ቤቱ ብቻ አትተዪው፤ ማታ ማታ አንድ ገጽ አማርኛ ጮክ ብላ ታንብብልሽ።

ደግሞ በሩ ላይ ኢንተርናሽናል ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ አትመኚ። አይቢ ነን ካሉሽ ፈቃዱን ጠይቂ፤ የተፈቀደላቸው ትምህርት ቤቶች ዝርዝር በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አለ። የልጅሽ ሥራዎች የሚቀመጡበትን ፋይልም አሳዩኝ በያቸው። ሥዕሉ፣ ግራፉ፣ ሙከራው እዚያ ነው ያለው። ፋይሉም እንደ ደብተሩ ባዶ ከሆነ ያኔ ስጋትሽ እውነት ነው፣ ሳትውዪ ሳታድሪ መምህሯን አነጋግሪ።

ዛሬ ማታ ግን «ምን ተማርሽ?» አትበያት። «በዚህ ሳምንት ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጥያቄ ምንድን ነው?» በያት። የምትልሽን እዚሁ ጻፊልን።